ከሞተር ወድቄ ፈራሁ፣ ልተወው?

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። በወላይታ ሶዶ አቅራቢያ ባለ አንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ቀበሌዎቹ ስለሚራራቁ መሥሪያ ቤቱ 125 ሲሲ ሞተር ሰጠኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግማሽ ቀን ፍሪስዮንና ማርሽ አሳየኝና በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን መንገድ ወጣሁ። መንጃ ፈቃድ ገና አላወጣሁም። ባለፈው ሳምንት ከኋላ የክትባት ሳጥን ጭኜ የጠጠር ቁልቁለት ስወርድ፣ ኩርባው ላይ ጥጃ ከፊቴ ድቅን አለችብኝ። ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጭብጥ አደረግሁት። ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። ሞተሩ እግሬ ላይ ወደቀ፣ ማርሚታው ባቴን አቃጠለኝ። ጉልበቴ ተላጠ። የቀኝ እጄ አንጓ እስካሁን ያመኛል፤ ወጌሻ አሽቶልኛል። አሁን ሞተሩን ሳየው ልቤ ይመታል። እናቴ 'ተይው ልጄ፣ ይቅርብሽ' ትለኛለች። ቢሮ ያሉት ደግሞ 'ድሮም ሞተር የወንድ ነው' ይላሉ። አለቃዬ ካልነዳሽው ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብሎኛል። ምን ላድርግ?» (ግራ የገባኝ እህታችሁ)

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አትተዪው፤ ግን እስካሁን በሄድሽበት መንገድ አትቀጥዪ። ደብዳቤሽን ሳነብ የታየችኝ ሞተር የማይሆንላት ሴት አይደለችም። ማንም ሳያስተምራት ቁልቁለት ላይ የተላከች ባለሙያ ናት የታየችኝ። እነዚህ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከሞተሩ በፊት ግን እጅሽ። ሳምንት ሙሉ ያመመ አንጓ በመታሸት የሚታለፍ አይደለም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው መዳፉን ነው፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። በአውራ ጣትሽ ሥር፣ ጣትሽን ወደ ላይ ስታነሺው ጎድጎድ የሚለው ቦታ አለ አይደል? እሱን ተጫኚው። እዚያ ጋ ካመመሽ ውስጥ ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል፤ ባያምሽም እንኳ በሐኪም መታየት አለብሽ። ይቺ አጥንት ተንኮለኛ ናት፦ በመጀመሪያው ራጅ ላይ አንዳንዴ አትታይም። ስለዚህ ሆስፒታል ሄደሽ ራጅ ተነሺ፣ ከወደቅሽ ስንት ቀን እንደሆነሽ ንገሪያቸው፣ ራጁ ምንም ባያሳይም ሕመሙ ካልሄደ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሰሽ እንዲያዩሽ ጠይቂ። ቸል ከተባለ አጥንቱ ሳይገጥም ይቀርና አንጓሽን ዕድሜ ልክ ያስቸግርሻል። አንቺ ደግሞ በእጅሽ የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ መርፌ የምትወጊበት፣ ከብት የምትይዢበት እጅ ነው።

ወጌሻን አልነቅፍም፤ ስንቱን ወለምታ የመለሱ አሉ። ነገር ግን ስብራት የተጠረጠረበትን ቦታ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል፣ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ ደም እንዳያልፍ እያደረገ ለመቆረጥ የዳረጋቸው ወጣቶች አሉ። የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን ደጋግመው ያዩታል። መጀመሪያ ራጅ፣ ከዚያ ሌላው።

ጭንቅላትሽስ? ሄልሜት አድርገሽ እንደነበር አልጻፍሽም። «ከዚያ መሬት ላይ ነኝ» ያልሽው ትንሽ አሳስቦኛል። ሁሉም ነገር በቅጽበት ስለሆነብሽ ከሆነ የተለመደ ነው። ራስሽን ስተሽ ከነበረ፣ ወይም አሁንም ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ካለብሽ ግን ለአንጓሽ ስትሄጂ ይህንንም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ተናገሪ። የተላጠው ጉልበትሽ አፈርና ጠጠር ነክቶታል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽ ያለፈ ከሆነ እዚያው ተከተቢ። ክትባት ለምን እንደሚጠቅም ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። የማርሚታ ቃጠሎ ደግሞ በሞተር ነጂዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፣ እንግዲህ ለሌላ ጊዜ እወቂው፦ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹህ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ዘይት፣ እንቁላል የሚባሉትን ሁሉ ተያቸው። አሁን ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ ጤና ጣቢያ አሳዪው።

አሁን ወደ አወዳደቅሽ። ለምን እንደወደቅሽ በደንብ ይታወቃል፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽ ጽፈሽዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ያወቁት ውድቀት ሊታረም ይችላል።

የሞተር ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው። ያንን አቅም ለመታጠፍም ለመቆምም ይካፈለዋል። ኩርባ ላይ አጋድለሽ ስትታጠፊ ብዙውን ለመታጠፉ ተጠቅመሽበታል። ጠጠር ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑም ያለው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የፊት ፍሬኑን በአንዴ ስትጨብጪው የፊት ጎማው መሽከርከሩን አቆመ። መሽከርከሩን ያቆመ የፊት ጎማ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ሊይዝ አይችልም፣ ወዲያው ሸርተት ነው። ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ለዚህ ነው ምን እንደተፈጠረ ሳታውቂ መሬት ላይ የተገኘሽው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የፊተኛው ግን ዕድል አይሰጥም።

ታዲያ አንዳንድ ሰው ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳል። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል፣ አትንኪው» የሚሉሽ ይመጣሉ። አትስሚያቸው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሞተርን በአብዛኛው የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው፤ የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው መኪና ሲመጣበት አይቆምም። ነገሩ አያያዙ ላይ ነው። በድንገት ጭብጥ አይደረግም። በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ትነኪዋለሽ፣ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ሲመጣ ይሰማሻል፣ ከዚያ እየጨመርሽ ትጨብጪያለሽ። ጠጠርና ጭቃ ላይ ደግሞ ሥራውን በአብዛኛው ለኋላ ፍሬንና ለማርሽ ትሰጪና ፊቱን በጣም በስሱ ትይዢዋለሽ። እናም ፍጥነትሽን የምትቀንሺው ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ረፍዷል።

ቁልቁለቱን በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ነበር ወይስ በማርሽ የወረድሽው? አልነገርሽኝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ ወይም ፍሪስዮን ጨብጠው የሚወርዱ ብዙ ናቸው። አንቺ እንዳታደርጊው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቀሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝሽ አድርጊ። ፍሬኑ ሥራው ሲቀልለት ለድንገተኛ ነገር ይተርፍሻል።

ሳጥኑም ድርሻ ነበረው። በረዶና ክትባት የያዘ ሳጥን ከኋላ ከፍ ብሎ ሲታሰር ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ይወዛወዛል፣ ስትታጠፊ ይጎትትሻል። ዝቅ አድርገሽ፣ ወደ ራስሽ አስጠግተሽ፣ በከመነዳሪ ላስቲክ በመስቀልኛ እሰሪው፤ ተነቅንቆ እንደሆነ በእጅሽ ፈትሺ። ግን እሱ የኋላ ነገር ነው። ያለ ጭነት በደንብ እስክትነጂ ድረስ ሳጥኑ ሞተሩ ላይ አይወጣም። ሰውም አይጫንም። መንገድ ላይ «እስከዚያ አድርሺኝ» የሚሉሽ አባቶችና እናቶች እምቢ ማለት ከባድ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ለእነሱም ሲባል እምቢ በያቸው።

ጥጃዋን በተመለከተ። በገጠር መንገድ ላይ ከብት፣ ልጅ፣ አህያ፣ ውሻ ሁልጊዜ አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ በ1 ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ያህል ትጓዣለሽ፤ ደንግጠሽ እጅሽ ፍሬኑ ጋ እስኪደርስ እንኳ ያ ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ማዶውን የማታዪው ኩርባ ላይ፣ በሚታይሽ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችዪበት ፍጥነት ብቻ ግቢ። ሌላም አለ። ዓይንሽ ያረፈበት ቦታ ሞተሩም ይሄዳል። ጥጃዋ ላይ ካፈጠጥሽ ጥጃዋ ላይ ነው የምትሄጂው። ማምለጫውን፣ ክፍቱን ቦታ ነው ማየት ያለብሽ። ይህ በንግግር ቀላል ነው፤ ሰውነት የሚለምደው ግን በልምምድ ብቻ ነው።

እና ልምምድ የት ነው? ሜዳ ላይ። ሐኪሙ እጅሽን ነፃ ካደረገልሽ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ጠዋት በማለዳ የኳስ ሜዳ ፈልጊ። ከሞተሩ ጋር መጀመሪያ እንደገና ተዋወቂ። ሳታስነሺው ግፊው፣ አዙሪው፣ ክብደቱን ልመጂው። ወድቆ ሲገኝ እንዴት እንደሚነሳም እዚያው ተለማመጂ፦ ቁልፉን አጥፊ፣ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ በቀኙ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድመሽ አውጪ፣ ከዚያ ጀርባሽን ለመቀመጫው ሰጥተሽ ቁጢጥ በዪ፣ በአንድ እጅ መሪውን በሌላው የኋላውን ብረት ያዢ፣ በእግርሽ ጉልበት እየገፋሽ ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በወገብ አይነሳም፣ በእግር ግን ቀጭን ሴትም ታነሳዋለች። ይህን ማወቅ ብቻውን ፍርሃቱን ግማሽ ያደርገዋል፤ ብዙ ጀማሪ የሚፈራው መውደቁን ሳይሆን ሰው እያየው ሞተሩን ማንሳት አለመቻሉን ነው።

ከዚያ አስነሺው። በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትሰጪ በሚኒሞው ብቻ፣ ፍሪስዮኑን በጣም ቀስ እያልሽ ልቀቂ። ሞተሩ መንቀሳቀስ የሚጀምርበት አንድ ቦታ አለ። እሱን ቦታ እጅሽ እስኪያውቀው ድረስ ሂጂ፣ ቁሚ፣ ሂጂ፣ ቁሚ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሁሉ ነገር የተመሠረተው እዚያ ላይ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲፈናጠርበት ሰውነቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ላለመውደቅ መሪውን ሲጨብጥ እጁ ነዳጁን ይበልጥ ይከፍተዋል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይፈናጠራል። እንዲያ ሲሆን መድኃኒቱ ፍሪስዮኑን መጨበጥ ነው፤ ሞተሩ ቢጮህም አይሄድም። አንጓሽንም ስታስቀምጪ ዝቅ ይበል እንጂ ከፍ ብሎ አይታጠፍ።

በዝግታ መሄድ ከለመደልሽ ጄሪካን ወይም ድንጋይ አስቀምጪና በመካከላቸው ተጠማዘዢ፣ ሁለት ክብ አያይዘሽ ዙሪ፣ አገጭሽን ወደምትሄጂበት አዙረሽ። ከዚያ የፍሬኑን ልምምድ። ይህኛውን ነው ከሁሉም በላይ ደጋግመሽ እንድትሠሪው የምፈልገው። ቀጥ ባለ መስመር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየመጣሽ ሁለቱንም ፍሬን በስሱ ጀምረሽ እየጨመርሽ ቁሚ። ሲለመድ 30። መጀመሪያ በደረቅ መሬት፣ ቀጥሎ ጠጠር ባለበት። የኋላ ጎማሽ ትንሽ ሲንሸራተት ምን እንደሚሰማሽ በዝግታ ፍጥነት አይተሽ እወቂው፤ መንገድ ላይ በድንገት ሲመጣ አዲስ እንዳይሆንብሽ። ልምምዱን ስታረዝሚው ሰውነት ይደክማል፣ ሲደክም ይሳሳታል፤ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይበቃል፣ ነገ ትመለሻለሽ።

የሌላ ሰው ሞተር ላይ አትለማመጂ። የአንዳንዱ ማርሽ በሙሉ ወደ ታች ነው የሚረገጠው፣ የሌላው አንደኛው ወደ ታች የቀረው ወደ ላይ ነው። ስትደነግጪ እግርሽ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የራስሽንም ሞተር ወድቋልና መካኒክ ይየው፦ መሪው ተጣሞ እንደሆነ፣ የፍሬንና የፍሪስዮን እጀታዎቹ፣ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ የካቴናው ልልነት። እግርሽ መሬት በደንብ ካልደረሰ ንገሪው፣ አንዳንዱ ሞተር ትንሽ ዝቅ ማለት ይችላል። ለነገሩ ሁለቱም እግር ሙሉ ለሙሉ መድረስ የለበትም፤ አንዱ በደንብ ከቆመ ይበቃል።

ልብስ። ሄልሜት ያለ ክርክር። የብዙ አገር ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ሄልሜት የሞት አደጋን ከ40 በመቶ በላይ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ እንደሚቀንስ ታይቷል። አገጭ የሚሸፍነውን ግዢ፣ ልክሽ ይሁን፣ ማሰሪያውን ቆልፊ። ሳይታሰር ጭንቅላት ላይ የተቀመጠ ሄልሜት ገና መሬት ሳትደርሺ ነው ጥሎሽ የሚሄደው። በዚህ ውድቀት ላይ መሬት የመታ ሄልሜት ካለሽም ቀይሪው፤ ውስጡ አንዴ ከተጨፈለቀ ከላይ አያስታውቅም። ጓንት፣ ወፍራም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ባትሽን የሚሸፍን ነገር ቢኖር ማርሚታው ያን ያህል ባላቃጠለሽ ነበር። ነጠላ ወይም ሻርፕ ከለበስሽ ጫፉን ጃኬት ውስጥ አስገቢው፤ ጎማ ወይም ካቴና የያዘው ጨርቅ አንገት ይጎትታል።

የመንጃ ፈቃዱ ነገር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ የፈቃድ ምድብ አለው፤ ያለ ፈቃድ መንገድ መውጣት ሕገወጥ ነው። አንድ ሕፃን ድንገት ቢገባብሽ «አለቃዬ ሂጂ አለኝ» የሚለው መልስ ከተጠያቂነት አያድንሽም። ሞተሩ ላይ ያለው የሦስተኛ ወገን መድንም የተሠራው ለሌላው ሰው ነው፣ የአንቺን ስብራት የሚያሳክም አይምሰልሽ። ማሠልጠኛ ገብተሽ ፈቃዱን አውጪ። ሥልጠናው ሜዳ ላይ ብቻ ቢሆንም ግማሽ ቀን ከተማርሽው በብዙ ይሻላል።

«ሞተር የወንድ ነው» ላሉሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ በሃሪ ኸርት የተመራ ጥናት አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወደ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መረመሩ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶዎቹ ሥልጠና ያልወሰዱ፣ በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በነዱት ሞተር ላይ ያላቸው ልምድ 5 ወር አይሞላም። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። አንቺን የጎደለሽ ነገር ብዙዎቹንም ጎድሏቸው ነበር፣ እሱም ሥልጠናና ልምድ ነው። ሞተር በጉልበት አይነዳም። በትዕግሥት፣ በዓይንና በጣት ነው የሚነዳው።

እናትሽን አትቆጪያት። ፈርታልሽ ነው። ሜዳው ላይ ስትለማመጂ አምጥተሻት ብታይሽ ጥሩ ነው፤ ሄልሜት አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ቆማ የምትነሳ ልጅ ስታይ ትረጋጋለች። የራስሽም ፍርሃት ጠላትሽ አይደለም። ሞተሩን ስታዪው ልብሽ የሚመታው ሰውነትሽ ያየውን ስለሚያስታውስ ነው። በዝግታና በሜዳ ስትመለሺበት እየቀለለ ይሄዳል። ሁሉንም በአግባቡ ሞክረሽ፣ ፈቃድም አውጥተሽ፣ ከወራት በኋላም ሌሊት የሚያባንንሽ ከሆነ ግን መተው ይቻላል። ያኔ መወሰኑ የአንቺ ነው፣ ማንም አያሳፍርሽም። የአሁኑ ግን ገና ውሳኔ የሚሰጥበት ሰዓት አይደለም፣ ነገሩን በደንብ አልሞከርሽውማ።

አለቃሽን አነጋግሪው፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም። መቼና የት እንደወደቅሽ፣ በሥራ ላይ እንደነበርሽ፣ ምን እንደተጎዳሽ ጽፈሽ ለሰው ሀብት ክፍሉ አስገቢና ቅጂ ያዢ፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነውና የሕክምና ወጪውና የዕረፍቱ ጉዳይ በዚያ ወረቀት ላይ ይመሠረታል። እዚያው ላይ የምትጠይቂውን አስፍሪ፦ የሥልጠናና የመንጃ ፈቃድ ወጪ፣ ሄልሜትና ጓንት፣ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቀበሌዎቹ ከሌላ ነጂ ጋር ወይም በመኪና የምትሄጂበት መንገድ። ሞተሩን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ካሉሽ፣ ያም ሰው ግማሽ ቀን ተምሮ የሚሄድ ከሆነ እሱም እንደሚወድቅ በግልጽ ንገሪያቸው። ቢሮው ውስጥ ሞተር የሚነዱት ሁሉ አንድ ላይ ሥልጠና ቢጠይቁ ደግሞ የአንቺ ደብዳቤ ብቻውን አይቆምም። ከሐኪም ቤት እንደተመለስሽ ከመካከላቸው የሚስማሙትን አስፈርሚ።